ሦስተኛው እግር

ባለፈው ሰሞን ነአኩቶ ለአብን ተሳልመን ስንመለስ፣ ወደ ላሊበላ በሚያወጣው ዳገት መሃል አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘን። ሹፌሩ ለመነሳት ይታገላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ትንሽ ወደፊት ይላል፣ መልሶ ወደኋላ ይንሸራተታል። ልጄ ትዕግስት ራቅ ብላ ከኋላው የራሷን መኪና አቆመች። በተከፈተው መስኮት አንድ ሽታ ገባ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ነው። ቀንድ እሳት ላይ ሲወድቅ እንደሚሸተው ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዝበታል። እኔ ግን ባለቤቴ አራጋው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ። ካፖርቱም፣ አንገቱ ላይ የሚጠመጥማት ፎጣም ይህንኑ ነበር የሚሸቱት። ስንት ጊዜ አጥቤያቸዋለሁ፤ ለቅቋቸው አያውቅም።

ሳላስበው እጄ የመኪናውን በር ከፈተ።

"እማ፣ ወዴት ነው?" አለች ትዕግስት።

"ከጎማው ሥር ድንጋይ ላደርግለት።"

"ኧረ ተቀመጪ! ሰውዬው ረዳት አለው።"

ከኋላ የተቀመጡት የንስሐ አባታችን አባ ፈንታ ሳቁ። "ተያት ልጄ። እናትሽ በዚህ ዳገት ላይ ያላነሳችው ድንጋይ የለም። ድንጋዮቹም ያውቋታል።"

የጭነት መኪናው በስንት ትግል ተነስቶ ሄደ። እኛ ግን እዚያው ዳገት ላይ ቆመን ቀረን። ያን ቀን የወጣነው ለመሳለም ብቻ አልነበረም።

ትዕግስት ለብዙ ዓመት ሆቴል ስትሠራ ነው የኖረችው። ያ ክፉ ጊዜ መጥቶ እንግዳው ሲቀር ሆቴሉ በሩን ዘጋ፣ እሷም ቤት ዋለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጊዜው ትንሽ ሲለዝብ ከወንድሟ ጋር ያላቸውን አሰባስበው ይህችን ሚኒባስ ገዙ። አዲስ አይደለችም፤ ለእነሱ ግን አዲስ ናት። ሹምሸሃ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ እንግዳና ተሳላሚ ልታመላልስ አስባለች። መንጃ ፈቃዷንም ደሴ ሄዳ አውጥታ መጣች። እኔ ሹፌር ቅጠሪ አልኳት። ጠዋት አልኳት፣ ማታ አልኳት።

"ሹፌር ከቀጠርኩ ሥራው የእሱ ነው እማ። እኔ ተመልሼ ቤት ልቀመጥ ነው።"

"ቤት መቀመጥ ምን ነውር አለው?"

"ነውር የለውም። እኔ ግን በቃኝ።" ቀጥላም፣ "አንቺ አይሆንም ካልሽ መሪ አልይዝም። ግን ሳታዪ አይሆንም አትበይኝ" አለች።

 እውነቷን ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ አቁመሽ ስትነሺ ልይ፣ ከዚያ እነግርሻለሁ አልኳት። አባ ፈንታን ምስክር ይሁኑን ብለን ለመንናቸው። እሳቸውም "ነአኩቶ ለአብ ካደረሳችሁኝ ለምን ምስክር ብቻ፣ ዳኛም እሆናለሁ" ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ።

ሌላ ሰው ዳገት ለምን እንደመረጥኩ ላይገባው ይችላል። ስለዚህ ወደኋላ ልመለስ።

አራጋው ሲያገባኝ ሹፌር ነበር። በዚያ ዘመን በላስታ ገበሬ ቤት ልጅን ለሹፌር መስጠት የሚያስገርም ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ "በሬ የሌለው ሰው ምን ያርሳል?" ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "መንገድ ያርሳል" አሉ፤ አባቴም ሳቁና በዚያው ተሸነፉ። መኪናው የእሱ አልነበረም፤ ባለቤቱ ጋሸና የሚኖር አንድ ነጋዴ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ነበር፤ አረንጓዴው ሲላጥ ከሥሩ ሰማያዊ ይወጣል፣ ሰማያዊው ሲላጥ ደግሞ ቀይ። አራጋው "ይህ መኪና ስንት ጊዜ እንዳገባ ከቀለሙ ታውቂያለሽ" ይለኝ ነበር። የጋቢናው የግራ በር በገመድ ነው የሚታሰረው። የቀኙ ደግሞ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም።

ጋሸና ያኔ እንደዛሬው አልሰፋችም። መንገዱ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ የዶቃ መጋረጃ ያላት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ጋሸና ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሹፌሮቹ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ነው የሚጠጡት። ሻዩ በሳንቲም ነው። አንዲት ፓስቲ ደግሞ የልጅን ሆድ ትሞላ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጧት አየር ትመስለኛለች። ከጋሸና ላሊበላ የሚከፈለው የአንድ ደህና ዶሮ ዋጋ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ዶሮውን ራሱን ይዞ ይመጣል፣ አራጋውም አያሳፍረውም። መኪናው ስኳር፣ ጋዝ፣ ሳሙናና አቡጀዲ ይዞ ይመጣል፤ ምስርና ማር ይዞ ይመለሳል። ሰው ከዕቃው ላይ ነው የሚቀመጠው። ሴቶቹ ለቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ነጭ ቀሚሳቸው አቧራ እንዳይነካው ገልብጠው ይለብሱታል፤ ከተማው ዳር ሲደርሱ ወርደው ያቃኑታል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ በጋ ላይ እግር ያቃጥላል፣ ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ግን ያኔ ከእሱ የሚያምር ጫማ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጋቢናው ውስጥ ቴፕ ነበረች። የካሴቱ ክር ሲላላ ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል፤ ያን ጊዜ አራጋው ካሴቱን አውጥቶ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። እኔ መዝሙር ብወድም የእሱን ዘፈኖች እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ስለ ሽመልና ስለ ወገብ የሚዘፈኑ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጾም ሲገባ ቴፕ አይከፈትም። ሑዳዴን ሙሉ የምንሰማው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አራጋው ሁልጊዜ ከፋሲካ በፊት ነጋዴው ዘንድ ሄዶ "መኪናው ታሟል" የሚለው። ነጋዴው "የአንተ መኪና የሚታመመው በጾም ብቻ ነው እንዴ?" ይለዋል። "በፍስክ ጊዜ ሲያቃስት አልሰማውም ጌታው፤ ዘፈን አለ።"

ያኔ አስፋልት የለም። ከሹምሸሃ ሜዳ ወደ ላሊበላ የሚወጣው መንገድ ጠጠርና አፈር ነበር፤ በአንድ ወገኑ የተራራ ግድግዳ፣ በሌላው ወገኑ ገደል። መኪና ዳገቱን በሩጫ ካልወጣው ጣጣ ነው። መሃል ላይ በሬ ወይም አህያ ከገባና ከቆመ፣ መልሶ ማስነሳቱ የሰው ሁሉ ሥራ ይሆናል። አንድ ቀን ይህ ለምን እንደሆነ አራጋውን ጠየቅኩት።

"ዘውዴ፣ አንቺው ቁጠሪ" አለኝ። "አንዱ እግሬ ፍሪሲዮን ረግጧል። ሌላው ፍሬን ረግጧል። ለመነሳት ነዳጅ መርገጥ አለብኝ። በምኔ ልርገጥ?"

"ፍሬኑን ልቀቀዋ።"

"ስለቀው፣ ነዳጁን እስክረግጥ መኪናው ወደኋላ ይሄዳል። ከኋላ ደግሞ ገደል አለ።"

"ያ የእጅ ፍሬን የምትለውስ?"

"እሱማ ለጌጥ ነው የተሰካው።" ከዚያ ሳቀ። "መኪናው የሚጠይቀኝ ሦስት እግር ነው፤ ፈጣሪ የሰጠኝ ሁለት። ሦስተኛውን የምታመጡልኝ እናንተ ናችሁ።"

ሦስተኛው እግር ድንጋይ ነው፤ ሹፌሮች ታኮ የሚሉት። ነጋዴው ረዳት አልቀጠረለትም። ስለዚህ የዳገቱ ሥር ስንደርስ ከተሳፋሪው ሁለት ሰው ድንጋይ ይዞ ይወርድና ከመኪናው ኋላ በእግሩ ይከተላል። መኪናው ከቆመ ድንጋዩን ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ያስገባል። አራጋው ፍሬኑን ይለቃል፣ መኪናው ድንጋዩ ላይ ይደገፋል፣ እሱም ነዳጁን በረጋ መንፈስ ይረግጣል። መኪናው ሲነሳ ድንጋዩን ከመንገድ ማንሳት የዚያው ሰው ግዴታ ነው። ይህ ቀልድ አልነበረም። አባ ፈንታ ያኔ ጎልማሳ ቄስ ነበሩ፤ መንገድ ላይ ድንጋይ ትቶ የሄደ ሰው ለንስሐ ሲመጣ ስግደት ይሰጡት ነበር። "ለሚቀጥለው መኪና ሞት አስቀምጠህ ሄደሃል" ይሉታል።

መኪናው ታዲያ አንዴ ከተነሳ ሜዳ እስኪያገኝ አይቆምም። ቢቆም ያው ጣጣ እንደገና ይመጣል። ስለዚህ ድንጋይ ያደረገ ሰው ቀሪውን ዳገት በእግሩ ነው የሚወጣው። እኔ የሹፌር ሚስት ሆኜ ተቀምጬ የሰው ሚስት ስትሄድ አላምር ስላለኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምወርደው እኔ ነበርኩ። ድንጋዩን አነሳለሁ፣ ቀና ስል መኪናው እየራቀ ነው። አራጋው በመስኮት እጁን አውጥቶ ያወዛውዛል፤ መቆም አልችልም፣ ላይ እጠብቅሻለሁ ማለቱ ነው። ሁልጊዜም ላይ ይጠብቀኛል። የዚያን መኪና ጀርባ የማውቀውን ያህል ፊቱን አላውቀውም።

አሁን ወደ ቀዩ ድንጋይ ልምጣ። ላሊበላ ላይ ቀይ ድንጋይ የሁላችንም ኩራት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከእሱ ተፈልፍለው ወጥተዋል፤ የድሮ ቤቶቻችንም የተሠሩት ከእሱ ነው። ሞላ የሚባል የአራጋው ጓደኛ ነበር፤ ከቀይ ድንጋይ መስቀልና ትንንሽ ቤተ ክርስቲያን ቀርጾ ለእንግዳ ይሸጣል። አራጋው የሞላን እናት ታመው ከጋሸና በጋቢና አምጥቶለት ነበርና ሞላ ውለታ ልመልስ ብሎ ሁለት ታኮ ቀረጸለት። እንዴት ያምሩ ነበር! እንደ ዳቦ ቁራጭ ከወደ አንዱ ቀጠን ያሉ፣ ለእጅ መያዣ የተበጀላቸው፣ ከላያቸው መስቀል የተቀረጸባቸው። ሞላ ይዟቸው የመጣ ዕለት አባ ፈንታ ቤታችን ነበሩ።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉት።

"ታኮ ነው አባ። ለአራጋው።"

"መስቀሉስ?"

"ለበረከት ብዬ ነው።"

"ለበረከት! መስቀል ከጎማ ሥር ልታደርግ! ሞላ፣ እጅህ እንጂ ልብህ አልሠራም። ፋቀው።"

ሞላ አፍሮ በራፋችን ላይ ተቀመጠና በቢላ ይፍቀው ጀመር። ድንጋዩ እንደ በሶ ዱቄት እየረገፈ ቀሚሴ ላይ ይነፍስ ነበር። እኔ አራገፍኩት። አራጋው ያያል፣ አባ ፈንታ ያያሉ፣ ሞላ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀርጸው የኖረ ነው። ማናችንም ልብ አላልንም። አራጋው ብቻ አንድ ጊዜ "ይችላል ግን?" ብሎ ነበር። ሞላ ተቆጣ። "ቤተ ክርስቲያን ተሸክሞ ስንት መቶ ዓመት የቆመ ድንጋይ የአንተን ቆርቆሮ ያቅተዋል?" አባ ፈንታም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ክርክር ላሊበላ ውስጥ የሚረታው የለም።

ነገሩ የደረሰው ትዕግስትን ክርስትና ካስነሳን በኋላ ነው። ለዘመድ ልናሳያት ሹምሸሃ ወርደን ስንመለስ ዝናብ መታን። ሕፃን የያዘች ሴት ድንጋይ አታደርግም፤ ስለዚህ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ልጄን በነጠላ አቅፌያለሁ። ሁለት ተሳፋሪዎች የሞላን ታኮዎች ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ዘጉት። አራጋው ቆመ። ሰዎቹ ታኮውን አስገቡ። አህዮቹ አለፉ። አራጋው ለመነሳት እግሩን ከፍሬን አነሳ፣ መኪናው ታኮዎቹ ላይ ተደገፈ።

ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከባድ ድምፅ አይደለም። ደረቅ ዳቦ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ከዚያ መኪናው ወደኋላ መሄድ ጀመረ። አራጋው ፍሬን ረገጠ፤ ጎማው ቆመ፣ መኪናው ግን በጭቃው ላይ መንሸራተቱን አልተወም። በሩን ልከፍት እጄን ሰደድኩ፤ የእኔ በር ከውስጥ አይከፈትም። አራጋው "ልጅቷን ያዢ" አለኝ። እኔ እመብርሃን አልኩ። እሱ መሪውን አዞረና የመኪናውን ጀርባ ከገደሉ አርቆ ወደ ግድግዳው ወሰደው። ኋላው አፈሩ ውስጥ ተሰክቶ ቆመ። የበሩ ገመድ ተበጥሶ በሩ ተከፈተ፣ የአራጋው ጉልበትም ከመሪው ሥር ተጣብቆ ተመታ።

ያ የፍሪሲዮን ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ወደ ታች አየሁ፤ ትዕግስት አልነቃችም ነበር። ከላይ የነበሩት ሰዎች ከጆንያው ጋር ተንከባለው ወርደዋል፤ ጭረትና እብጠት እንጂ ሌላ የደረሰበት ሰው የለም። ድንጋይ ያደረጉት ሁለቱ ዘለው አምልጠዋል። አንደኛው እጁ ላይ የቀረችውን ቀይ አፈር እያየ "አባ ፈንታ መስቀሉን ባያስፍቁት ኖሮ" ሲል አስታውሳለሁ። ይህ ወሬ ከተማ ገብቶ ሰዎች አባ ፈንታን ብዙ አሟቸው። ሞላ ሰምቶ እያለቀሰ መጣ። አራጋው ጉልበቱ በጨርቅ እንደታሰረ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር። "ምን ያስለቅስሃል?" አለው። "ቀዩ ድንጋይ መቅደስ ሆኖ ነው የሚያምርበት። እኛ ነን ያለ ሥራው ያሰማራነው።"

ሲያገግም፣ እያነከሰ ወንዝ ወርዶ አንድ ጥቁር ድንጋይ መርጦ አመጣ። ውሃ ያለሰለሰው፣ ከወደ አንዱ ቀጠን ያለ ነው። መሪ መያዝ እስካቆመበት ቀን ድረስ በዚያ ድንጋይ ሠራ። ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው ድንጋዩን በራችን ላይ አስቀመጠውና ጡረታ ወጣን አለ። በሽታው በጸናበት ጊዜ ቆርቦ፣ በአልጋው ላይ፣ ልጆቹን አይቶ ነው ያረፈው። ገደል ውስጥ ያላስቀረው አምላክ እንዲህ ያለ ዕረፍት ሰጠው። በዚህ አላማርርም።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ሲነሳ ውስጡ ተቀምጬ አላውቅም። አውቶቡስም ሚኒባስም ቢሆን ዳገት ላይ ከቆመ፣ ከመነሳቱ በፊት እወርዳለሁ። ሹፌሮቹ ያውቁኛል። አንዳንዱ "እትዬ ዘውዴ፣ ዳገቱ አልቋል፣ ይግቡ" እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልዱ።

ነአኩቶ ለአብ የሄድን ዕለት ጠዋት ከቤት ስንወጣ ትዕግስት ዘንቢሌን ልታነሳልኝ ሞክራ መልሳ አስቀመጠችው።

"እማ፣ ምን ይዘሽ ነው? እጄን ገነጠለው!"

"ድንጋይ።"

"የምን ድንጋይ?"

"የአባትሽን።"

አየችኝና በሁለት እጇ አንስታ መኪናው ውስጥ አስገባችው።

እንግዲህ ዳገቱ ላይ ቆመናል። የጭነት መኪናው ሄዷል፣ ሽታው ብቻ ቀርቷል። ትዕግስት የእጅ ፍሬኑን ስባ ወደ እኔ ዞረች።

"እማ፣ ይህ መኪና እንደ አባዬ መኪና አይደለም። ዳገት ላይ እግሬን ከፍሬን ሳነሳ ወዲያው አይለቅም። ትንሽ ጊዜ ይይዝልኛል። በዚያች ጊዜ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ፍሪሲዮን እለቃለሁ።"

"ማነው የሚይዝልሽ?"

"ራሱ። ዳገት መሆኑን ያውቃል።"

"ስንት ያህል ነው የሚይዘው?"

አሰበች። "አንቺ አንድ ጊዜ በስመ አብ ብለሽ እስክታማትቢ።"

አባ ፈንታ ጣልቃ ገቡ። "በእሷ ማማተብ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እሷ አትቸኩልም። በዛሬ ልጆች ማማተብ ከሆነ ግን ገደል ገባን።"

"ከዚያ በኋላስ?" አልኩ።

"ከዚያ በኋላ ይለቃል። ስለዚህ መዘግየት የለብኝም።"

"ባይሠራስ?"

"የእጅ ፍሬኑ አለ፣ ለጌጥ አይደለም። ደሴ የተማርኩት በእሱ ነው፤ የተፈተንኩትም በእሱ ነው።"

ምንም አይሆንም አላለችኝም። ይለቃል አለችኝ። ይህን ወደድኩላት።

"እንግዲህ እወርዳለሁ" አልኩ።

"ውረጂ" አለች። አልተከራከረችም።

ወረድኩ። ጥቁሩን ድንጋይ ከኋላ ጎማው በስተኋላ አስቀመጥኩት፤ ሥሩ አላስገባሁትም፣ ስንዝር አራቅኩት። መኪናው ወደኋላ ካለ ይነካዋል። ካልነካው ግን መነሳቱን እንደምታውቅበት በዓይኔ አየሁ ማለት ነው። ከመንገዱ ዳር ቆሜ ያችን ክፍተት ብቻ አየሁ። ትዕግስት የእጅ ፍሬኑን ስትለቅ ሰማሁ። ጎማው ዝም አለ። ከዚያ ሞተሩ ትንሽ ድምፁን ለወጠ፣ ጎማው ወደፊት ዞረ። ክፍተቷ አንዲት ጣት እንኳ አልጠበበችም። መኪናው እንደ ሜዳ መኪና እየወጣ ሄደ።

ድንጋዩን ማንሳት አለብኝ፤ አነሳሁት። ያኔ እንደ ላባ የምወረውረው ድንጋይ ዛሬ ወገቤን ያዘው። ቀና ስል መኪናው እየራቀ ነው። ነጭ ጀርባ ነው፣ አረንጓዴ አይደለም፤ ግን ያው ጀርባ ነው። መንገዴን አውቀዋለሁና ድንጋዬን ታቅፌ መውጣት ጀመርኩ። ላይ ሜዳው ላይ ትጠብቀኛለች አልኩ። ልጅቷ መነሳቱን ታውቅበታለች። ግን እሺ ልበላት ወይስ ሌላ ቀን ደግሞ ልያት? ይህን እያሰብኩ ነበር።

የኋላው ቀይ መብራት በራ።

መኪናው ቆመ። ሜዳው ገና ነው። ከመጠምዘዣው በታች፣ ዳገቱ ከሁሉ በሚብስበት ቦታ ነው የቆመው። ሮጥኩ አልልም፣ ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ ግን እግሬን አፈጠንኩ። እመብርሃን፣ እመብርሃን እያልኩ ደረስኩ። ትዕግስት በመስኮት አንገቷን አውጥታለች።

"ምን ሆነ?" አልኳት። ትንፋሼ ተቆራርጧል።

"ምንም አልሆነ። ግቢ።"

"ለምን ቆምሽ ታዲያ?"

"ልጭንሽ ነዋ!"

"ዳገት ላይ?"

"ዳገት ላይ።"

አባ ፈንታ በሩን ከውስጥ ከፈቱልኝ። "ግቢ እንጂ ዘውዴ! ምን ቆመሽ ታያለሽ? መኪና ሲጠብቅሽ አይተሽ አታውቂም?"

እውነት ለመናገር፣ እዚያ ቦታ ላይ አላውቅም። አራጋው ሊያደርገው እየፈለገ የማይችለውን ነው ልጁ ያደረገችው።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ዳገት ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ድንጋዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ትዕግስት በመስተዋቱ አየችኝና እግሯን ከፍሬን አነሳች። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፤ እጄ ከግንባሬ ወደ ደረቴ፣ ከግራ ትከሻዬ ወደ ቀኝ ሄደ። አሐዱ አምላክ አሜን ሳልል መኪናው እየወጣ ነበር።

መጠምዘዣውን አለፍን። ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ "ሹፌር አትቅጠሪ" አልኳት።

"እሺ እማ" አለች። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

"ምስክር ነኝ" አሉ አባ ፈንታ። "ዳኝነቱንም ጨርሻለሁ። አሁን ቤቴ አድርሱኝ።"

ድንጋዩን ከእሷ መቀመጫ ኋላ አስቀምጬ ወረድኩ። እሷም አውርጂው አላለችኝም። አሁን ትዕግስት በየቀኑ ወደ ሹምሸሃ ወርዳ ትመለሳለች፤ ተመስገን፣ እንግዳውም እየመጣ ነው። በራችን ላይ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ሣር ሳያበቅል ክብ ሆኖ ቀርቷል። ጠዋት ግቢ ስጠርግ እዚያ ስደርስ ቆም እላለሁ። ልጄ ይሄኔ ዳገት ላይ ናት እላለሁ። ከዚያ መጥረጌን እቀጥላለሁ።